ማማ አጠገብ የሚንገዳገድ ድሮን፦ የትኛው መፍትሔ ለየትኛው ችግር?

የቴሌኮም ማማ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም ረጅም የጭስ ማውጫ በድሮን የሚፈትሽ ሰው "የጂፒኤስ ሲግናል ደካማ ነው" የሚል ማስጠንቀቂያ ስክሪኑ ላይ ማየቱ አይቀርም። ምክር ሰጪውም የዚያኑ ያህል ብዙ ነው። አንዱ አርቲኬ (የሳተላይት ቦታን እስከ ሴንቲ ሜትር የሚያርም ዘዴ) ያለው ድሮን ግዛ ይላል፤ ሌላው ኮምፓሱን ካሊብሬት አድርገው (ንባቡን እንደገና አስተካክለው) ይላል፤ ሦስተኛው ጂፒኤሱን ረስተህ በእጅህ አብርረው ይላል። ሁሉም እውነት የሚሆንበት ቦታ አለ። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው አንድ ቢሆንም ከጀርባው ያሉት ችግሮች ቢያንስ ሦስት ናቸው፤ ለአንዱ ተብሎ የተገዛ ውድ ዕቃ በሌላው ፊት ምንም ላይፈይድ ይችላል። ስለዚህ አማራጮቹን ከማወዳደራችን በፊት ድሮኑ ያጣው ምን እንደሆነ መለየት አለብን።

ድሮኑ ያጣው ምንድን ነው?

ድሮን አየር ላይ ባለበት ረግቶ እንዲቆም ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ የት እንዳለና ፊቱ ወዴት እንደዞረ። የመጀመሪያውን ከሳተላይት፣ ሁለተኛውን በአብዛኛው ከኮምፓስ ያገኛል። ማማ ሁለቱንም ያውካል፤ የሚያውክበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

ከጥላና ከነጸብራቅ እንጀምር። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ። ከዚያ ተነሥቶ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሲግናል ኃይሉ −128 ዲቢኤም አካባቢ ነው፤ ይህም ከተቀባዩ የራሱ ጫጫታ እንኳ ያነሰ ነው። ተቀባዩ ሊለየው የሚችለው የሲግናሉን ኮድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ብቻ ነው። እንዲህ የደከመ ሲግናል ኮንክሪት ጥሶ አይመጣም። ስለዚህ ድፍን ግንብ፣ ሲሎ ወይም ጭስ ማውጫ ሥር የተጠጋ ድሮን የሰማዩን ግማሽ ሊያጣ ይችላል። በብረት ፍርግርግ የተሠራ ማማ ግን የሚጋርደው ሰማይ ጥቂት ነው፤ የእሱ ጉዳት በነጸብራቅ በኩል ነው። ሲግናሉ ብረቱ ላይ ነጥሮ በረዘመ መንገድ ይመጣል፤ ተቀባዩም በቀጥታ የመጣ መስሎት ቦታውን በሜትሮች ያዛባል። የነጸብራቅ ተንኮሉ የሳተላይቱ ቁጥር አለመቀነሱ ነው። ስክሪኑ ሃያ ሳተላይት እያሳየ ድሮኑ ማንም ሳይነካው ወደ ጎን ሊንሸራተት ይችላል።

ሁለተኛው ኮምፓስ ነው። የምድር መግነጢሳዊ መስክ እንደየቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ገደማ ብቻ ስለሆነ በቅርብ ያለ ብረት በቀላሉ ይጠመዝዘዋል። ብዙዎች የሚፈሩት ግን ብረቱን ሳይሆን ኬብሉን ነው። በዛሬዎቹ የቴሌኮም ማማዎች የሬዲዮ ዩኒቶቹ ከላይ፣ ከአንቴናው ጀርባ ስለሚሰቀሉ −48 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት የሚሸከም ኬብል በማማው ሽቅብ ይወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 50 አምፒር የሚሸከም ነጠላ ሽቦ በ1 ሜትር ርቀት 10 ማይክሮቴስላ፣ በ5 ሜትር ርቀት 2 ማይክሮቴስላ ይፈጥራል። የሚሄደውና የሚመለሰው ሽቦ ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ ደግሞ አብዛኛውን እርስ በርስ ያጠፋፋሉ። ስለዚህ ከኬብሉ ይልቅ ብረቱን መጠንቀቅ ይሻላል፤ የብረቱም ጉልበት ቢሆን ከጥቂት ሜትሮች ብዙም አያልፍም። በከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ ያለው ተለዋዋጭ ከረንት በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ስለሚመላለስ የኮምፓሱ ንባብ ሲጣራ አብዛኛው ይጠፋል። ቀጥተኛ ከረንት የሚያስተላልፉት ረጃጅም መስመሮች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ 1,000 አምፒር የሚሸከም አንድ ሽቦ በ20 ሜትር ርቀት 10 ማይክሮቴስላ ይፈጥራል፣ ይህም ኮምፓስን ለማሳት በቂ ነው።

የኮምፓስ ችግር ምልክቱ ግልጽ ነው። ሳተላይቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ድሮኑ እየሰፋ የሚሄድ ክብ መሥራት ይጀምራል። ፊቱ የዞረበትን ስለማያውቅ ወደ ግራ ልመለስ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ያንን ላርም ሲል ደግሞ ሌላ ስሕተት ይጨምራል። ኮምፓስ የቦታን መረጃ ባይሰጥም የጂፒኤስን መረጃ ከንቱ የሚያደርገው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው የሬዲዮ ሞገድ ጫና ነው። የጂፒኤስ ዋናው ሲግናል የሚመጣው በ1575.42 ሜጋኸርትዝ ነው። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማሰራጫዎች በኪሎዋት የሚቆጠር ኃይል ይለቃሉ፤ ከማንኛውም ማሰራጫ ደግሞ ከዋናው ሞገድ ሌላ የእጥፉና የሦስት እጥፉ ተረፈ ሞገድ ትንሽም ቢሆን ይወጣል። 525.14 ሜጋኸርትዝን በ3፣ ወይም 787.71ን በ2 ብታባዙ የምታገኙት በትክክል 1575.42ን ነው። የመጀመሪያው ቁጥር በቴሌቪዥን፣ ሁለተኛው በሞባይል አገልግሎት ክልል ውስጥ ይወድቃል። በደንብ የተያዘ ማሰራጫ ይህን በማጣሪያ ያፍነዋል። የላላ ማያያዣና የዛገ የብረት መጋጠሚያ ግን ሞገዶችን ቀላቅሎ አዲስ ሞገድ ስለሚወልድ፣ አሮጌ ማማ ከአዲሱ የባሰ ጫጫታ ቢያሰማ አይግረማችሁ። የዚህ ችግር ምልክቱ የሁሉም ሳተላይት ሲግናል በአንድ ጊዜ መውረዱ ነው። ጥላ የሚያጠፋው በአንድ ወገን ያሉትን ብቻ ነው፤ የሞገድ ጫና ወገን አይለይም። ብዙ ጊዜም የቪዲዮው ምስል አብሮ ይቆራረጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ማማው ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበት ጊዜ ቀላል አይደለም። በእጅ በተገጣጠሙ ድሮኖች ላይ ከጂፒኤሱ ጎን የተለጠፈ የዩኤስቢ 3 ኬብል፣ ያልተሸፈነ የካሜራ ገመድ ወይም በ1.2 እና 1.3 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ የአናሎግ ቪዲዮ ማስተላለፊያ ሳተላይቱን ሜዳ ላይም ያውከዋል። ከማማ ርቆ በክፍት ሰማይ ሥር ጠንካራ ሳተላይቶች ከ40 እስከ 50 ዲቢ-ኸርትዝ (ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚለካበት) ካላሳዩ ችግሩን መፈለግ ያለባችሁ ከራሳችሁ ዕቃ ላይ ነው።

ከመግዛት በፊት መፈተን

ምርመራው ከአንድ ባትሪ በላይ አይጠይቅም። ከማማው ቢያንስ 30 ሜትር ርቃችሁ፣ ብረት በሌለበት አፈር ላይ ተነሡ፤ ፌሮ የገባበት የኮንክሪት ወለልና የመኪና ጣሪያ ለመነሻ አይሆኑም። መፈተሽ የምትፈልጉት ከፍታ ላይ ስትደርሱ የመቆጣጠሪያውን ዱላዎች ልቀቁና ድሮኑ እንደሚረጋ እዩ። ከዚያ አምስት አምስት ሜትር እየተጠጋችሁ በየማረፊያው ጥቂት ቆዩና አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። ሲዞር ብቻ ከቦታው የሚንሸራተት ከሆነ ጥርጣሬው ኮምፓስ ላይ ነው። ሳይዞርም ቀስ እያለ የሚንሸራተት ከሆነ ነጸብራቅ ነው። የሳተላይቱ ቁጥር በአንድ ወገን ብቻ ከቀነሰ ጥላ ነው፤ አንቴናው ፊት ለፊት ስትደርሱ ሁሉም በአንድነት ከወደቀና ወደ አንቴናው ጀርባ ስትዞሩ ከተመለሰ የሞገድ ጫና ነው። አርዱፓይለት ወይም ፒኤክስ 4 የተባሉትን የድሮን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሮች የምትጠቀሙ ሰዎች ይህን ሁሉ ከበረራ ሎጉ በቁጥር ታዩታላችሁ።

በዚህ መሐል ስክሪኑ ኮምፓስ ካሊብሬት አድርግ ቢላችሁ ማማው ሥር አታድርጉት። ብረት አጠገብ የተደረገ ካሊብሬሽን የማማውን ስሕተት ወደ ድሮኑ ማኅደር ገልብጦ ወደ ሜዳ ይዞት ይሄዳል።

አንደኛ አማራጭ፦ መራቅና በሌንስ መቅረብ

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ሦስቱንም ችግር በአንድ ጊዜ የሚያቀል ሌላ አማራጭ የለም። ርቀታችሁ እጥፍ ሲሆን የአንቴናው የሞገድ ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የብረቱ መግነጢሳዊ ጫና ከዚያም ባሰ ፍጥነት፣ ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ሊወርድ ይችላል። የሚጋረደው ሰማይም ይጠባል። በዚያ ላይ ድሮኑ ቢንሸራተት እንኳ ለማረም ጊዜ ታገኛላችሁ። ይህን የመጨረሻውን ጥቅም በሴንሰር ዝርዝር ውስጥ አታገኙትም፤ ዋነኛው ግን እሱ ነው።

ሰዎች የሚፈሩት ዝርዝሩ ይጠፋል ብለው ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ባለ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካሜራ ከ5 ሜትር ርቀት 7.5 ሜትር ስፋት ያያል። ባለ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካሜራ ይህንኑ ስፋት የሚያየው ከ14.6 ሜትር ነው። የሁለቱም ምስል ወርዱ 5,000 ፒክሰል ቢሆን እያንዳንዱ ፒክሰል 1.5 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል። ማለትም አንዱ አብራሪ ከአንቴናው አፍንጫ ሥር ላብ እያጠመቀው የሚያነሣውን ፎቶ ሌላው ሦስት እጥፍ ገደማ ርቆ ያነሣዋል። ከዚህም የረዘመ ዙም ያላቸው የኢንዱስትሪ ካሜራዎች አሉ።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ሌንሱ በረዘመ ቁጥር የድሮኑ ትንሽ መንቀጥቀጥ ፎቶውን ያደበዝዛል፤ ስለዚህ የሹተሩ ፍጥነት መጨመር አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋል። በፍርግርጉ ውስጥ የተደበቀ ብሎን ከሩቅ በሁሉም ማዕዘን አይታይም። የማማውን ሦስት ገጽታ ሞዴል ለመሥራት ለምትፈልጉም ከቅርብ በብዙ ማዕዘን የተነሣ ፎቶ የተሻለ ነው። ለተራ ፍተሻ ግን፣ ዝገት፣ የተሰነጠቀ ሽፋን፣ የላላ ኬብል፣ የወፍ ጎጆ ለማየት፣ ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቆ መሥራት ይበቃል ባይ ነኝ።

ሁለተኛ አማራጭ፦ ያለ ጂፒኤስ በእጅ ማብረር

አቲ ሞድ የሚባለው ድሮኑ ራሱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝበት፣ ከፍታውን በባሮሜትር (በአየር ግፊት መለኪያ) የሚጠብቅበት፣ ቦታውን ግን ለነፋስ የሚተውበት አሠራር ነው። የአርዱፓይለት አልትሆልድና የፒኤክስ 4 አልቲትዩድ ሞድ ተመሳሳይ ናቸው። የዚህ አማራጭ ጥንካሬ የተሳሳተ የሳተላይት መረጃ ድሮኑን መግፋት አለመቻሉ ነው። ውሸት የሚነግር ጂፒኤስ ጭራሽ ከሌለ ጂፒኤስ የከፋ ነው፤ የሌለውን አብራሪው ያውቀዋል፣ የሚዋሸውን ግን ድሮኑ አምኖ ይታዘዘዋል።

ድክመቱ ሰው ነው። በሰከንድ 5 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ውስጥ ዱላውን ብትለቁ ድሮኑ ፍጥነቱ እየጨመረ ወደ ነፋሱ ፍጥነት ይጠጋል፤ ከማማው የለያችሁ 5 ሜትር በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ስለዚህ የምትቆሙበት ወገን ወሳኝ ነው። ነፋሱ ከማማው ወደ ድሮኑ የሚነፍስበትን ወገን ምረጡ፤ እጃችሁ ቢሳሳት ድሮኑ የሚሸሸው ከማማው ነው። ፍርግርግ ማማ ላይ ይህ ደንብ ይሠራል። ድፍን ጭስ ማውጫ ላይ ግን ከነፋስ በተከለለው ወገን አየሩ ስለሚሽከረከር ነፋሱ በጎን በኩል የሚያልፍበትን ቦታ መያዝ ይሻላል።

ሌላው ነገር ይህ ሞድ ሁሉም ድሮን ላይ አለመኖሩ ነው። የዲጄአይ ፋንተም 4 ፕሮ በመቆጣጠሪያው ላይ ለዚሁ የተሠራ ማብሪያ ነበረው። ለተራ ተጠቃሚ የተሠሩት የማቪክ፣ የኤርና የሚኒ ድሮኖች ግን የላቸውም፤ አብራሪው ወደዚህ ሞድ የሚገባው ጂፒኤሱ ሲጠፋ ብቻ፣ ያውም ሳይዘጋጅ ነው። ለማማ ሥራ ድሮን የሚገዛ ሰው ስለ ካሜራው ከመጠየቁ በፊት ይህን ቢጠይቅ መልካም ነው። በሲሙሌተር ላይ ያለ ጂፒኤስ መለማመድ ይቻላል፤ ነፋሱን ጨምራችሁ ካልተለማመዳችሁ ግን ብዙም አይጠቅምም።

ሦስተኛ አማራጭ፦ የተሻለ ተቀባይ

የጂፒኤስን ብቻ ከሚያነብ ተቀባይ ሌሎቹን የሳተላይት ሥርዓቶች፣ ግሎናስን፣ ጋሊሊዮንና ቤይዱን፣ ጨምሮ የሚያነበው ለጥላ ጥሩ ነው። የሰማዩ ግማሽ ቢጋረድ እንኳ በቀረው ግማሽ ውስጥ በቂ ሳተላይት ይገኛል። ይህ በዛሬዎቹ ድሮኖች ላይ የተለመደ ስለሆነ በተለይ ለማሻሻል የምትደክሙበት አሮጌ ድሮን ካላችሁ ብቻ ነው።

ለነጸብራቅ የሚረዳው ግን ሁለተኛው ፍሪኩዌንሲ ነው። አሮጌው የጂፒኤስ ኮድ አንዱ ክፋይ በርዝመት 293 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ1176.45 ሜጋኸርትዝ የሚላከው አዲሱ ኤል 5 ግን 29.3 ሜትር ብቻ ነው። ክፋዩ ባጠረ ቁጥር ተቀባዩ ቀጥታ የመጣውን ነጥሮ ከመጣው ለመለየት ይቀለዋል። በእጅ ለሚገጣጥሙ ሰዎች፦ ዩብሎክስ ከሚሠራቸው ተቀባዮች ኤም 10 አራቱንም ሥርዓቶች ቢያነብም ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ኤፍ 9 ፒ ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ነው። አንቴናውን ከፍ አድርጎ መስቀልና ከሥሩ የብረት ሰሌዳ ማድረግም ከታች የሚመጣውን ነጸብራቅ ይቀንሳል። የሞገድ ጫናን በተመለከተ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ማለት ሁለት በር ማለት ነው፤ አንዱ ቢታወክ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ለኮምፓስ ችግር ግን ይህ ሁሉ ምንም አያደርግም።

አራተኛ አማራጭ፦ አርቲኬ

አርቲኬ በብዛት ሳያስፈልግ የሚገዛ አማራጭ ነው። ቦታው ከሚታወቅ ቋሚ ጣቢያ እርማት እየተቀበለ ስሕተቱን ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያወርዳል። በተራ ጂፒኤስ የሚቆሙ ድሮኖች አምራቾች በጎን እስከ 1.5 ሜትር፣ በአርቲኬ ደግሞ እስከ 0.1 ሜትር ይንሸራተታሉ ስለሚሉ ልዩነቱ ዓይን ይስባል። ግን ሁለቱም ቁጥሮች የተጻፉት ሲግናሉ መልካም ለሆነበት ቦታ ነው። ጣቢያው የሚያርመው ለእሱም ለድሮኑም የጋራ የሆነውን ስሕተት ነው፤ የከባቢ አየሩን፣ የሳተላይቱን ሰዓትና ምሕዋር። ማማው የፈጠረው ነጸብራቅ የድሮኑ ብቻ ስለሆነ ጣቢያው ስለ እሱ የሚያውቀው የለም። እንዲያውም አርቲኬ ከተራው ጂፒኤስ ይልቅ ንጹሕ ሲግናል ይፈልጋል። ማማው ሥር ቋሚው መፍትሔ (በሴንቲ ሜትር የሚተማመኑበት ስሌት) ወደ ተንሳፋፊ (ገና ወዳልረጋ ግምት) ሲወርድና ሲመለስ ቦታው ድንገት ስለሚዘል ድሮኑ ሊደነብር ይችላል።

እርማቱ በኢንተርኔት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ሌላ የብልሽት ምንጭ ነው። የራሳችሁን ጣቢያ የምትተክሉ ከሆነ ጥላ ፍለጋ ማማው ሥር አትትከሉት፤ ጣቢያው ራሱ ነጸብራቅ ከያዘ ስሕተቱን ለድሮኑ ያስተምረዋል። ከሳተላይት ፎቶ ካርታ ላይ የተነደፈ የበረራ መስመርም በሜትሮች የተዛባ ሊሆን ስለሚችል፣ ድሮኑ በሴንቲ ሜትር ትክክለኛነት የተሳሳተው ቦታ ላይ ሊሄድ ይችላል።

ታዲያ አርቲኬ ዋጋ የሚኖረው መቼ ነው? ሁለት አንቴና ያለው ሲሆን። እንደ ዲጄአይ ማትሪስ 300 እና 350 አርቲኬ ያሉ ድሮኖች ከሁለቱ አንቴናዎች አቀማመጥ ፊታቸው ወዴት እንደዞረ ያሰላሉ፤ በዚያ ጊዜ ብረቱ ኮምፓሱን ቢያስተውም ግድ የላቸውም። በአርዱፓይለትም ሁለት ኤፍ 9 ፒ አጣምሮ ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። አርዱፓይለት ያለ ኮምፓስ ከእንቅስቃሴ ብቻ አቅጣጫን የሚገምትበት ዘዴም አለው፤ ይህ ዘዴ ግን ድሮኑ ሲንቀሳቀስ እንጂ ቆሞ ሲጠብቅ አይተማመኑበትም፣ የማማ ፍተሻ ደግሞ አብዛኛው ቆሞ መጠበቅ ነው። ለቀጥተኛ ከረንት መስመሮችና ለትልልቅ የብረት ግንባታዎች ባለ ሁለት አንቴናው ተወዳዳሪ የለውም።

ፒፒኬን ከዚህ ጋር የሚያምታቱ አሉ። እሱ በረራው ካለቀ በኋላ የፎቶዎቹን ቦታ የሚያርም ስሌት ነው፤ አየር ላይ ያለውን ድሮን አያረጋጋም።

አምስተኛ አማራጭ፦ በዓይን የሚሄድ ድሮን

ካሜራውን ወይም ሊዳሩን (ርቀትን በሌዘር የሚለካ ሴንሰር) ተጠቅሞ ቦታውን የሚያውቅ ድሮን ሳተላይቱን በከፊል ወይም በሙሉ ይተወዋል። የስካይዲዮ ድሮኖች የተሠሩት በዚህ ሐሳብ ነው፤ በዙሪያቸው ባሉ ካሜራዎች እያዩ ይሄዳሉ። የፍላይአቢሊቲ ኤሊዮስ 3 ደግሞ በመከላከያ ቅርጫት ተከቦ በሊዳር እየተመራ ሲሎና ጭስ ማውጫ ውስጥ ይገባል፤ በውስጥ በኩል ለሚደረግ ፍተሻ ከዚህ ወገን ውጭ አማራጭ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

በተለመዱት ድሮኖች ላይ ያለው የታች ካሜራ ግን ሌላ ታሪክ ነው። መሬት አጠገብ በጎን ከ0.3 ሜትር ባልበለጠ ስሕተት ያቆማል፤ 60 ሜትር ማማ አናት ላይ ግን መሬቱ በጣም ስለሚርቀው አያግዝም። እዚያ የሚያግዘው በጎን የሚያይ ካሜራ ነው፣ የሚያየውም ማማውን ራሱን ነው። ችግሩ ፍርግርግ ማማ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ተመሳሳይ ቅርጽ ሲደጋገም ስሌቱ አንዱን ደረጃ ከሌላው ሊያምታታ ይችላል። ጭጋግ፣ ምሽትና ፊት ለፊት የሚወጋ ፀሐይም ያሳውሩታል። ከሁሉ በላይ ቀጫጭን ገመዶችን አያይም። ማማውን በሦስት ወገን የሚወጥሩት ገመዶች ለእንቅፋት ሴንሰሮች የማይታዩ ያህል ናቸው፤ አምራቾቹም ይህን በመመሪያቸው ይጽፉታል። ባለ መወጠሪያ ገመድ ማማ ላይ ሴንሰሩ ያየኛል ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ስድስተኛ አማራጭ፦ ማማውን ዝም ማሰኘት

የሞገድ ጫና ብቻ ከሆነ ችግራችሁ ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ ስልክ መደወል ነው። የሞባይል አንቴናዎች ለየአቅጣጫው የተከፋፈሉ ስለሆኑ ባለቤቱ የአንዱን ወገን ኃይል ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል፤ ቴክኒሻን አንቴናው ፊት ለመሥራት ሲወጣ የሚደረገው ይኸው ነው። ፍተሻውን ከጥገና ቀን ጋር ማገጣጠም ብልህነት ነው። ተጠቃሚ በሚያንስበት ሌሊት እንድታበሩ ከቀረበላችሁ ግን ካሜራውም በዓይን የሚሄደው ሥርዓትም ብርሃን እንደሚያጡ አስቡ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማሰራጫ ይዘጋልኛል ብሎ መጠበቅ ግን አይሆንም። ፈቃድ ካልተገኘ ጨረሩን መሸሽ ነው፦ የሞባይል አንቴና የሚያበራው ወደ አድማስ፣ ጥቂት ዲግሪ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ስለሆነ በእሱ ከፍታ ፊት ለፊት መቆም የከፋው ቦታ ነው። ከበላይ ሆኖ ቁልቁል ማየት ወይም ከጀርባ መምጣት ብዙ ያቀላል።

እንዴት እመርጣለሁ?

አልፎ አልፎ ማማ የሚፈትሽና አንድ ድሮን ብቻ የሚገዛ ሰው ጥሩ ዙምና በእጅ ወደ አቲ የሚቀየር ሞድ ያለውን ይምረጥ፤ አርቲኬ ይቅርበት። ዘወትር በብረት ግንባታና በከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ ለሚሠራ ድርጅት ባለ ሁለት አንቴናው ወጪውን ይመልሳል። በድፍን ሲሎና ጭስ ማውጫ ላይ ከውጭ በኩል ለሚሠራ፣ በዓይን የሚሄደው ከሁሉ ይቀድማል። በሰሜናዊው የዓለም ክፍል ለሚሠሩ አንድ ነገር፦ የጂፒኤስ ምሕዋሮች በ55 ዲግሪ ያዘነበሉ ስለሆኑ ወደ ሰሜን ባለው ሰማይ ላይ ክፍተት አለ። ስለዚህ የድፍን ግንብ ሰሜናዊ ፊት ላይ ስትሆኑ ግንቡ የሚጋርድባችሁ ሳተላይት የሚበዛበትን የደቡቡን ሰማይ ነው፤ ያንን ወገን በመጨረሻ፣ በጥሩ ሰዓት ሥሩት። የትሪምብል የሳተላይት ትንበያ ገጽ በነጻ የሚገኝ ሲሆን ሰዓቱን ለመምረጥ ይረዳል።

የፀሐይንም ሁኔታ እዩ። በግንቦት 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በደረሰው ከባድ የፀሐይ ማዕበል በአርቲኬ የሚነዱ የእርሻ ትራክተሮች ሳይቀሩ ቆመው ነበር። በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ማዕበል ባይኖርም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት የላይኛው ከባቢ አየር ሲግናሉን ያርገበግበዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቦታ በኪሎ ሜትሮች ዘሎ ሌላ ሥፍራ ካሳያችሁ ግን ጉዳዩ ከማማም ከፀሐይም አይደለም፤ ሆን ብሎ የሐሰት ሲግናል የሚልክ አለ ማለት ስለሆነ የዚያን ቀን በረራ ተዉት።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመነሣታችሁ በፊት የምታስተካክሉት አንድ ነገር አለ፤ ግንኙነት ሲቋረጥ ድሮኑ ምን ያድርግ የሚለው። ወደ መነሻ መመለስ የሚለው ምርጫ ሜዳ ላይ ደግ ነው። ማማ አጠገብ ግን ድሮኑ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ወጥቶ በቀጥታ መስመር ስለሚሄድ፣ በመወጠሪያ ገመዶች መሐል ወይም ከአንቴና ክንድ በታች ካለ መንገዱ የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው። ጂፒኤስ ከሌለ ደግሞ ጭራሽ መመለስ የለም። የአርዱፓይለት መደበኛ ምርጫ ድሮኑ ቦታውን መገመት ሲያቅተው ማረፍ ነው፤ አብራሪው ካልያዘው ከነፋሱ ጋር እየተንሳፈፈ ይወርዳል ማለት ነው። እጁ የሠለጠነ አብራሪ ይህን ወደ አልትሆልድ ቢቀይረው ከማማው የሚያርቅበት ዕድል ያገኛል፤ ገና ጀማሪ ከሆነ ግን መደበኛውን ይተወውና ከማማው የሚቆምበትን ርቀት ይጨምር።